ኒንግሩምን ማን ይጥራት

ለምወድህ ልጄ ለፓርዲ፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ። ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ከደጃፍህ ይድረስ። እንዴት ሰንብተሃል? ጤናህስ? ያ የዘንባባ እሾህ የወጋው እግርህ ሻረልህ ወይ? ሚስትህ ረትኖ እንዴት ናት? ሕፃኗስ ቆማ መሄድ ጀመረች ወይስ ገና በዳዴ ናት? ዝናቡ በጣራው እየገባ አላስተኛን ብለህ ነበር፤ አሠሪው አስጠገነላችሁ ወይ? ከኛ በኩል እህትህ ኒንግሩም ደኅና ናት፣ አላህ ይመስገን። ፍየሎቹም ደኅና ናቸው፤ ቀንዳሟ መንታ ወልዳለች። የእናትህ መቃብር ሣሩ ታጭዷል። የኔን ነገር ወደ ታች እነግርሃለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ እሑድ እሑድ በደወልክ ቁጥር ኒንግሩም እያነሣች አባዬ መስጊድ ናቸው፣ አባዬ ተኝተዋል ትልሃለች። መስጊድም አልነበርኩም፣ አልተኛሁምም። አጠገቧ ተቀምጬ ድምፅህን እሰማ ነበር። ጉልበቷን መታ ሳደርጋት የለም እንድትል ነው፤ እሷም ትላለች። ለምን ብላ ጠይቃኝ ግን አታውቅም። ይኼን ደብዳቤ የጎረቤታችን ልጅ ሳርኖ ወደ እናንተ እርሻ ለሥራ ሲመጣ ይዞልህ ይመጣል። ፊደል የለየሁት ከአውቶቡስ ግንባር ሰሌዳ ላይ ነው፤ ከከተማ ስም የረዘመ ነገር ስጽፍ እጄ ይዝላል። የተጣመመውን እያቃናህ አንብበው። ከረትኖ በቀር ለማንም እንዳታስነብብ።

በመጀመሪያ ደስ የሚለውን ልንገርህ። ዘንድሮ የደቡብ ምሥራቅ እስያ የአካል ጉዳተኞች ውድድር እኛ አገር፣ ያውም እዚሁ ሶሎ ሆኖልን የእህትህን ወርቅ በዜና ሰምተሃል። ዜናው የማይነግርህን እኔ ልንገርህ። የኛ ልጆች እንዲያ ይሆናሉ ብሎ ያሰበ የለም። በገንዳው እነሱ፣ በሜዳው እነሱ፣ በቼዝ እንኳ እነሱ። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል፤ ባንዲራ ሰቃዩ ልጅ ገመዱ መዳፉን ልጦት በጨርቅ ጠቅልሎ ነበር የሚሠራው። መዝሙራችን ከመደጋገሙ የተነሣ አጠገቤ የነበረ በረዶ ሻጭ፣ «ፓክ ዋኪዲ፣ አባቴ፣ ዛሬ ከተነሣሁ አልተቀመጥኩም። እነዚህ ልጆች ለእኔ ጉልበት ሲሉ አንዴ ቢሸነፉ ምን ነበረበት» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ድምፅ አልነበረውም። ሻጩ ዘወር ብሎ አየኝ።

ድምፄ መሻከር የጀመረው በጾሙ ወር ነው። አቧራ ነው አልኩ። እንደምታውቀው ዕድሜዬን ሙሉ ከወኖጊሪ ሶሎ፣ ከሶሎ ወኖጊሪ በአውቶቡስ ረዳትነት ስጮህ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መናኸሪያው ማዶ ያለ ሰው ጫማውን ይዞ እስኪሮጥ ድረስ ነበር የምጣራው። እንዲህ ያለ ድምፅ በአቧራ ያልቃል? የሥር መጠጥ ሻጯ ምቦክ ቱኪነም ብስክሌቷን አቁማ፣ «ዋኪዲ፣ ድምፅህን ሚስማር ወግቶታል መሰል፣ አየር እያስወጣ ነው» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ዝንጅብሉን አጠጣችኝ፣ ሌላም ሌላም ሥር ቀቅላ አጠጣችኝ። የቅርንፉድ ሲጋራዬን ከከንፈሬ ላይ ነጥቃ ጣለችው። አሁን ግን መቀለዱን ትታለች። በየጠዋቱ መጠጡን አስቀምጣልኝ ፊቴን ሳታይ ትሄዳለች። ቀልዷ ይሻለኝ ነበር።

የእህትህን ነገር ታውቀዋለህ። ዓይኗ ባያይም እንደ ሕጉ ሸፍነው ነው ርዝመት የሚያዘልሏት፤ ከአሸዋው ወዲያ የቆመው ሰው ይጣራል፣ እሷ በድምፁ ላይ ቀጥ ብላ ትሮጣለች። ጣውላው ላይ ደርሳ የምትነሣው ያንን ድምፅ አምና ነው። አሠልጣኙ ባጋስ ከኮሌጅ የወጡ ጎረምሶች አምጥቶ ሞክሮላት ነበር። በአንዱ ወደ ቀኝ ሄደች፣ በሌላው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች። ኋላ ላይ ባጋስ ራሱን እያከከ፣ «ፓክ፣ ይቺ ልጅ ካለ አውቶቡስ አትሄድም» ብሎ ቀይና ነጩን ጃኬት እኔን አለበሰኝ። ያንኑ የመናኸሪያዬን ጥሪ ነው የምጠራላት፤ ወኖጊሪ፣ ጊሪ፣ ጊሪ፣ ጊሪ። ትዝ ይልህ እንደሆነ፣ ትንሽ ልጅ ሆነህ ድምፄን እያስመሰልክ በግቢው ስትጣራ እሷ እኔ የመጣሁ መስሏት ወደ አንተ ትሮጥ ነበር። እናታችሁ አታታልላት እያለች ትቆጣህ ነበር።

የዝላዩ ዕለት የማሌዥያዋ ልጅ ቀደመቻት። አንተ ያለህበት አገር ሰው ናት፤ ጠሪዋም ጡሩምባ የዋጠ የሚመስል ጎረምሳ ነው። ተናጋሪው ሕዝቡን ዝም በሉ አለ፤ ያ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ የዋለ ስታዲየም ሁሉ ጸጥ አለ። ልጄ፣ ያን ያህል ሰው አንድ ላይ ዝም ሲል ሰምተህ አታውቅም። ሁሉም የሚጠብቀው የኔን ጉሮሮ ነው። መጀመሪያ ላይ ሄደልኝ። ኋላ ግን ጥሪው መሐል ላይ ተሰነጠቀ፤ ኒንግሩም ወደ ግራ ጎተት ብላ ከአሸዋው ጠርዝ ላይ ወደቀች፣ ዳሌዋ ተላጠ። ዳኞቹ ሮጡ። ተነሣች፣ አሸዋውን አራገፈች፣ ፊቷን ከእኔ ትንሽ አሳልፋ ይዛ፣ «አባዬ፣ የት ቆመው ነው?» አለችኝ። ከቦታዬ አልተነቃነቅሁም ነበር።

የመጨረሻው ዙር ላይ ባጋስ መጥቶ፣ ካልቻሉ ላጨብጭብላት አለኝ። ዞር በል አልኩት። ግትር ነህ ትለኝ የለ፣ ነኝ። ጉሮሮዬ ውስጥ የቀረውን ሁሉ አንድ ላይ ሰብስቤ ወረወርኩላት። መጣች። ከተወለደች ጀምሮ እንዲያ ስትመጣ አይቻት አላውቅም፤ በገመድ የተሳበች ይመስል ነበር። የወረደችበትን ቦታ ሳይለኩት ሕዝቡ ጮኸ። የዚያን ጊዜ አፌ ውስጥ ብረት ብረት የሚል ነገር መጣ። በእጅጌዬ ጠረግሁት። ጃኬቱ ቀይም ስላለው በጀኝ፤ በቀዩ በኩል ነው የጠረግሁት፣ ማንም አላየ።

ባንዲራው ወጣ፣ መዝሙሩ ተጀመረ። ሶሎ በሙሉ ዘመረ፤ በረዶ ሻጩም አሥረኛውን ይሁን ሃያኛውን ተነሥቶ ዘመረ። እኔ ከታች ቆሜ አፌን ከፈት ዘጋ አደረግሁ። ምንም አልወጣም። ኒንግሩም ወርቁ አንገቷ ላይ ሆኖ ራሷን ወዲያና ወዲህ ታዞራለች። ሰው ሕዝቡን የምታዳምጥ መስሎት አጨበጨበላት። ስትወርድ እጄን ያዘችና በጆሮዬ፣ «አባዬ፣ አልዘመሩም» አለችኝ። ዘምሬያለሁ አልኳት በሹክሹክታ። እጄን ጠበቅ አደረገችው። እስከ ቤት ድረስ መንገዱን ሁሉ እንዲያው ይዛኝ መጣች።

መንደራችን ከበሮ ይዞ ነበር የጠበቀን። በጭነት መኪና አዙረው አዙረው ሜዳው ላይ አወረዱን። የመንደሩ ሹም እሷን ካናገረ በኋላ ማይክራፎኑን ወደ እኔ ዘረጋና፣ «ይኼ ሰው እንኳ ማይክራፎን አያስፈልገውም ነበር፤ ለክብሩ ነው። ፓክ ዋኪዲ፣ እስኪ አንዴ ወኖጊሪ በሉልን» አለ። ሰው ሁሉ ጊሪ፣ ጊሪ እያለ አጨበጨበ። እኔ ማይክራፎኑን በእጄ ገፋ አድርጌ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ወርቁን ያገኘው እሱ መሰለው እንዴ፣ ኮራብን እኮ አሉ ከኋላዬ። ይበሉ። ኩራት መስሏቸው ይቅር፤ ሌላውን ከሚያውቁ ይሻላል። እስከ ዛሬ ሰላም የማይሉኝ አሉ።

በማግስቱ ለኒንግሩም ሳልነግራት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ የሹፌራችን የሱታርኖ ልጅ ናት፤ እንኳን ደስ ያለዎት፣ የወርቅ አባት፣ አፍዎን ይክፈቱ፣ ወርቅ ካለ እኔም ልካፈል እያለች መብራቱን አበራችው። መብራቱን ሳታጠፋ ሄዳ ሐኪሙን ጠራችው። እሱም አየ። መዋጥ ያስቸግርዎታል ወይ አለኝ። ሩዙ በሻይ ይወርዳል አልኩት። ከማን ጋር ነው የሚኖሩት አለኝ። ከልጄ ጋር። ሌላስ? ሌላ ማን ይኖራል፣ ወንዱ ማሌዥያ፣ ሳባህ ነው አልኩት። በዚሁ ሳምንት ሶሎ ትልቁ ሆስፒታል ይሂዱ አለኝ። ካሳቫዬን ነቅዬ እሄዳለሁ ብለው፣ «አባት፣ ካሳቫው ይጠብቅዎታል» አለኝ። ልጅ እግር ሐኪም ነው፣ እንዲያ ሲል ግን ዓይኑን ከዓይኔ ሰበረ።

አሁን ወደ ጉዳዬ መጣሁ። ሶሎ እንድትወስደኝ አይደለም የምጠራህ፤ የሶሎን መንገድ ካንተ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ፣ በሳምንቱ መጨረሻ እሄዳለሁ። ሐኪሞቹም የሚሉትን ይበሉ፤ እኔ እንደሆነ ኖሬያለሁ። የኒንግሩም ነገር ነው። በመጪው ዓመት ውድድሩ ካምቦዲያ ነው፤ ስሟ ገብቷል። ባጋስ ሌላ ጠሪ እናለማምዳት ይላል፤ ምን እንደሆንኩ ገና አያውቅም። ትናንት ጠዋት እንደ ልማዳችን ግቢው ውስጥ አሸዋውን ጎለጎልኩላት። መሸፈኛዋን አሥራ ከመነሻዋ ቆመች። እኔ ከወዲህ ቆሜ አፌን ከፈትኩ። ነፋስ ብቻ ወጣ። ላጨብጭብ ብል እጄ እምቢ አለኝ። እሷ አንድ እግሯን አስቀድማ ቆማ ጠበቀችኝ፤ ፀሐይዋ ከኮኮናቱ በላይ እስክትወጣ ድረስ ጠበቀችኝ። በመጨረሻ መሸፈኛውን ፈታ፣ አጣጥፋ፣ «ለፓርዲ ይጻፉለት» ብላኝ ገባች።

ስለዚህ ጻፍኩልህ። በዚህ ዓመት መጨረሻ ውሉን ልታድስ እንደሆነ ነግረኸን ነበር። አትፈርም። ረትኖንም ሕፃኗንም ይዘህ ግባ፤ ቤቱ ይበቃል፣ ለሥራው ከሱታርኖ ወንድ ልጅ ጋር ተነጋግሬያለሁ፣ አዲሱ አውቶቡስ ረዳት ይፈልጋል። ያንተ ድምፅ የኔው ነው፤ ሰው ሁሉ ሲል የኖረው ነው። ዘንባባ ሥር ሆነህ ለማን ትጮህበታለህ?

ደብዳቤው በደረሰህ እሑድ ደውል። እኔን አትጠይቅ፣ ደኅና ናቸው ወይም አትበላት። ልክ ስልኩ ሲነሣ ወኖጊሪ፣ ጊሪ፣ ጊሪ ብለህ ጥራት። እሷን ራቅ አድርጌ አቁሜ፣ ስልኩን እኔ አነሣና ድምፁን ለቅቄ ከወንበሩ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ራሷን ወዴት እንደምታዞር አያለሁ። ወደ አንተ ካዞረች ሌላው ሁሉ ይቅር።

ረትኖን ሳምልኝ፤ ጣራው ካልተጠገነ አሠሪውን አትለማመጪው በላት። ሕፃኗን ግንባሯን ሳምልኝ፤ እዚህ ስትመጣ ከፍየሎቹ ጋር ትዳኻለች። አብሮህ የሚሠራውን የማዱራውን ሰው ሰላም በልልኝ። ምቦክ ቱኪነም ሰላም ብላሃለች፤ ቶሎ ና ብላለች፣ ለምን እንደሆነ ግን አልነገረችኝም። ኒንግሩም ሰላምታዋን በስልክ ነው የምትልክልህ። ሳርኖን ሥራው እስኪለምደው ድረስ አይዞህ በለው።

አባትህ ዋኪዲ

ጃቲስሮኖ፣ ወኖጊሪ
ኦገስት 21 ቀን 2022