ከሠላሳ ሰከንድ በላይ ማስታወስ ስለተከለከለው ሰርቨር

ለተከበሩ የደጋ ጤና ጣቢያዎች መረጃ መረብ ጽሕፈት ቤት ሥራ አስኪያጅ
ጎንደር

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ ቀጥሎም የወገብዎ ሕመም እንዴት እንዳደረገልዎ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። አዲሱ ወንበር እንደተስማማዎም ተስፋ አለኝ። እኔ የጽሕፈት ቤትዎ የኔትወርክ ባለሙያ ዝማሬ ፍቅረ ማርያም ነኝ፤ ቀርቤ እንዳልናገር ቀጠሮዬ ሦስት ጊዜ ስለተላለፈ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፣ ሪፖርት ሲያነቡ ስለሚያሳዩት ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። ለአንባቢ ግልጽ እንዲሆን ያህል፣ ከትክል ድንጋይ እስከ አዲ አርቃይ ያሉ ጤና ጣቢያዎች የአንድን ገጽ ስም ሲጽፉ፣ ስሙን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚፈታላቸው በግቢያችን ያለው ሰርቨር ነው። አንዴ ጠይቆ ያገኘውን መልስ ካሽ በሚባለው ማስታወሻው ይይዛል፤ ካልያዘ ግን ለእያንዳንዱ ጥያቄ ውጭ አገር ድረስ ይልካል። ባልደረባዬ አያ አምሐ ወልደኢየሱስ ይህን ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ለኩት። ከመቶ ጥያቄ ከማስታወሻው የሚመለሰው ሠላሳ አራቱ ብቻ ነበር። ምክንያቱንም አገኙት፦ ከዓመታት በፊት ለሙከራ ገብታ የተረሳች አንዲት የትእዛዝ መስመር ማንኛውም መልስ ከሠላሳ ሰከንድ በላይ እንዳይያዝ ትከለክላለች፤ ለማስታወሻው የተመደበው ቦታም ከማሽኑ አቅም መቶኛውን እንኳ አይሞላም። ክቡርነትዎ ሪፖርቱን «ኅዳጉ አልተስተካከለም» ብለው መለሱት። ብራና ሲሰመር እያዩ ላደጉት ለመሪጌታ ልጅ ለአያ አምሐ ስለ ኅዳግ ያስተማሩ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት።

ሁለተኛ፣ ስለ ሥርዓት አክባሪነትዎ። ሪፖርቱ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስባቸው አያ አምሐ መስመሯን በገዛ እጃቸው አጠፏት፤ ቦታውን አሰፉ፤ የውጭው ግንኙነት ቢቋረጥም ሰርቨሩ የያዘውን የቆየ መልስ እንዲሰጥ አደረጉ። በማግስቱ ከመቶው ሰማንያ ስምንቱ ከማስታወሻው ተመለሰ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከጤና ጣቢያዎቹ አንድም የአቤቱታ ስልክ አልተደወለም፤ ዝምታው ሳያሳስብዎት አልቀረም መሰለኝ፣ አስጠሩን።

«ማን ፈቀደልህ?» አሏቸው።

«ማንም። ግን ይሠራል፣ ጌታዬ።»

«ወደነበረበት መልሰው።»

«እጄ አይታዘዝልኝም» አሉ አያ አምሐ።

ያን ጊዜ ክቡርነትዎ ወደ እኔ ዞሩ። የአምስት ወር ሠራተኛ ነበርኩ፤ ገና የቋሚነት ደብዳቤ አልደረሰኝም። መስመሯን መልሼ የጻፍኳት፣ ሌላውንም ወደነበረበት የመለስኩት እኔ ነኝ። አያ አምሐ አልተቆጡኝም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «አይዞሽ» አሉኝ፤ በማግስቱ ወደ ንብረት ክፍል ተዛወሩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ መመሪያዎ። ከዐሥራ ሁለት ቀን በኋላ፣ ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ የመንገድ ሥራ ኤክስካቫተር ከጎንደር ወደ ውጭ የሚወጣውን ገመድ ቆረጠው። ከጤና ጣቢያዎቹ ወደ እኛ የሚመጣው ገመድ ግን ደኅና ነበር። በዚያው ጠዋት ጌትነት የሚባል የአዲ አርቃይ ገበሬ ማር ሊቆርጥ ወጥቶ ከገደል ወደቀ፤ ሆዱ ውስጥ ይደማ ነበር። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ስንዱ በአምቡላንስ ወደ ደባርቅ ሸኝታው፣ ከጎንደር ደም ተልኮ እዚያ እንዲደርስለት መጠየቂያውን ገጽ ለመክፈት ሞከረች። ገጹ ያለው ከስም ፈቺው ሰርቨር አንድ ክንድ ርቆ፣ እዚያው ክፍል ባለ ማሽን ውስጥ ነው። የስሙ መዝገብ ግን ውጭ አገር ስለሆነ፣ ሰርቨራችን ገመዱ በተቆረጠ በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ የጎረቤቱን ስም ረስቶታል።

ስንዱ ስልክ ደወለች። የጥያቄ ተቀባይ ሠራተኛችን በክቡርነትዎ ፊርማ የወጣውን መመሪያ ጠቅሶ «በሲስተም ካልገባ አይስተናገድም» አላት።

«ሲስተሙ እኮ አልከፍት አለኝ! ሰው እየሞተብኝ ነው!»

«እስኪከፍት ሞክሪ፣ እኅቴ።»

አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ሞከረች። እኔ የተቆረጠውን ገመድ ፎቶ እንዳነሣ በእርስዎ ትእዛዝ ተልኬ ነበር። አያ አምሐ ነገሩን ንብረት ክፍል ሆነው ዘግይተው ሰሙ፤ ወዲያው ደወሉላት። «ስሙን ተዪው፤ የምነግርሽን ቁጥር ጻፊ» አሏት። ገጹ ተከፈተ። ደሙ ከጎንደር ተነሣ። መኪናው ኮሶዬን አልፎ ዳባት ሲደርስ ከደባርቅ ተደወለ። ሹፌሩ ዳር ይዞ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ አዞረ።

የአጣሪ ኮሚቴዎ ግኝት «ከአቅም በላይ የሆነ የገመድ መቆረጥ» ይላል። ለአያ አምሐ ደግሞ የውስጥ አድራሻን ያለ ፈቃድ አሳልፈው በመስጠታቸው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሷቸዋል።

አራተኛ ብዬ የጀመርኩት ነገር ነበረኝ፤ ተውኩት።

ባለፈው እሑድ አዲ አርቃይ ሄጄ ነበር። የጌትነት ባለቤት ባንቺአየሁ ጥቁር ለብሳ ደጅ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች። መስመሯን የመለስኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት፤ ሰርቨር ምን እንደሆነ ለማስረዳት ስሞክር ብዙ ተንተባተብኩ። እጇን ሳታቋርጥ ሰማችኝ።

«ምነው ልጄ፣ ይኸን ልትነግሪኝ ነው ይኸን ሁሉ መንገድ የመጣሽ?»

«አዎ።»

«ሸጋ። አሁንስ አስተካከላችሁት?»

መልስ አልጠበቀችም፤ ወደ ባቄላዋ ተመለሰች። እኔ ግን ሊማሊሞን እስክወጣ ድረስ ጥያቄዋን ስመልስ ነበር፤ አንዱም መልስ ጮክ ተብሎ የሚነገር አልነበረም።

ውድ ጊዜዎን ስለሰጡኝ እያመሰገንኩ፣ ወንበርዎን ያጽናልዎ፣ እንቅልፍዎንም ያጣፍጥልዎ እላለሁ።

ታዛዥነቷ የአንድ ሰው ሕይወት ያስከፈለ፣
ዝማሬ ፍቅረ ማርያም

ማስታወሻ፦ ሰኞ ጠዋት መስመሯን አጥፍቼ የአያ አምሐን ማስተካከያ ሁሉ መልሻለሁ፤ ይህን ስጽፍ ከመቶው ዘጠና አንዱ ከማስታወሻው እየተመለሰ ነው። ለባንቺአየሁም በስንዱ ስልክ ደውዬ ነግሬያታለሁ። መስመሯን የሚመልስ ሰው ካስፈለገዎ የሥራ መልቀቂያዬ ከዚህ ጋር ተያይዟል። በክፍት ቦታው ማስታወቂያ ላይ ዲግሪም ሆነ የሥራ ልምድ አይጠይቁ፤ ሲጨርስ አዲ አርቃይ ወርዶ ለእሷ መንገር የሚችል ከሆነ ይበቃል።