በወንድማቸው መቅኔ የኖሩት የወይዘሮ እፀገነት ሻምበል የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ እፀገነት ሻምበል ከአባታቸው ከአቶ ሻምበል ወርቁ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሻሽወርቅ በላቸው ጎንደር አጠገብ በአዘዞ በ1967 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው ተማሩ። ትምህርቱን ያቋረጡት ሰንፈው ሳይሆን አባታቸው ስላረፉ ነው።

በ1985 ዓ.ም. በመተማ በኩል ሱዳን ገቡ። በዋና ከተማው ቡሪ በሚባል ሰፈር በሰው ቤት ሦስት ዓመት ከሠሩ በኋላ ሳጃና በሚባለው ሰፈር የልብስ ስፌት ቤት ከፈቱ። ጨርቁን ሐፍላ በሚሉት ሚኒባስ ኦምዱርማን ድረስ ሄደው ራሳቸው ይመርጡ ነበር። ልክ ሲወስዱ ዝም አይሉም፤ «ያላ፣ ትከሻህን ቀጥ አድርግ፣ ጨርቄን አታጣምምብኝ!» እያሉ የሰፈሩን ልጆች ያስቁ ነበር። በ1992 ዓ.ም. ከአቶ ጥዑመልሳን ኃይሌ ጋር በቁርባን ተጋብተው ቤቲንና ናሆምን ወለዱ።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የደም ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። በመጋቢት 2014 ሕንድ አገር፣ ከታናሽ ወንድማቸው ከተድላ፣ ይህን ከምጽፈው ከእኔ፣ የተወሰደ የመቅኔ ሕዋስ ተሰጣቸው። በሰኔ ተሽሏቸው ወደ ሱዳን ተመለሱ። እዚህ የተከታተሏቸው ዶክተር ነዕማት ነገሩን በፊታችን አስረድተዋቸዋል፦ «ያ ኡኽቲ፣ እኅቴ፣ የወንድምሽ ሕዋሳት አዲስ ቤት የገቡ ወታደሮች ናቸው፤ የቤቱን ባለቤት ከጠላት አይለዩም። ተዉ የሚሏቸው ገላጋይ ሕዋሳት አሉ፤ ግን ገና ጥቂት ናቸው። እነሱ እስኪበዙ የሚይዝልሽ ይህ ኪኒን ነው። ጠዋትና ማታ፤ አንድ ቀን እንዳታልፊ።»

ወይዘሮ እፀገነት ግን ሕንድ ሳሉ ተስለው ነበር፤ ከዚህ አልጋ ከተነሣሁ በፍልሰታ ቅዳሴ ሳይወጣ አንዳች አልቀምስም ብለው። ንስሓ አባታቸው ሕመምተኛ ነሽና ተፈትተሻል ሲሏቸው «እሺ አባ» አሉ። እኔም ኦምዱርማን ስለምኖር በየጠዋቱ እደውል ነበር። «ውጫለሁ፣ አንተ ጨቅጫቃ፣ ወደ ሥራህ ሂድ!» ይሉኛል።

አልዋጡም። አሥራ አምስቱንም ቀን የጠዋቱን ኪኒን ትተው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆሙ። ከጾሙም በኋላ ምንም አልሆንኩም ብለው የጠዋቱን ጨርሰው ተዉት። አብረዋቸው ካስቀደሱት ያወቁ ነበሩ። «አይ ጽናት፣ በርቺ!» አሏቸው እንጂ ስልኬን እያወቁ አንዳቸውም አልደወሉልኝም። ዛሬ እዚህ ከእኛ ጋር ቆመዋል።

በመስከረም ቆዳቸው እንደ ተቃጠለ ቀላ፤ ሆዳቸው ምንም አልይዝ አለ፤ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ። የእኔ ሕዋሳት ነበሩ የሚበሏቸው። ዶክተር ነዕማት ብዙ ታገሉ፤ ግን ዘግይቶ ነበር። ወይዘሮ እፀገነት እውነቱን የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው፤ «ተድልዬ፣ ዋሽቼሃለሁ» ብለው። እኔም ጥያቸው ወጣሁ። ጥቅምት 19 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በ48 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተውልናል።

ካረፉበት ሰዓት ጀምሮ «የወንድሟ ደም በላት» ሲባል እየሰማሁ ነው። ቤቲና ናሆምም ሰምተዋል። ልጆች፣ እኔ የሰጠኋት እንድትኖር ነው። ወደ እኔ ቤት ስትመጡ ይህን በልባችሁ ይዛችሁ ኑ።

ስለታቸውን የሰማ አምላክ ነፍሳቸውን በቅዱሳኑ ማረፊያ ያኑርልን። ለእኔም እያወቁ ያልደወሉልኝን ይቅር የምልበትን ልብ ይስጠኝ፤ ዛሬ የለኝም።