የሰማያዊው ደብተር ርክክብ

እኔ ወይዘሮ ሙሉወርቅ አየለ፣ ዕድሜዬ ሰባ አንድ ዓመት፣ ነዋሪነቴ በሲያትል ከተማ ማውንት ቤከር ሠፈር፣ ይህን ኑዛዜ የማስጽፈው ዓርብ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ኦክቶበር 24 ቀን 2025፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ በገዛ ቤቴ ተቀምጬ ነው። የደከመው ልቤ እንጂ አእምሮዬ አይደለም። የምታስታምመኝ ነርስ ሃኒ ዛሬ ጠዋት ቀኑን፣ ወሩንና የራሴን ስም ጠይቃኝ ሦስቱንም መልሻለሁ፤ የአበሻውን ቀን እሷ በአንድ ስታ ነበርና አርሜአታለሁ። ያስገደደኝም ያባበለኝም ሰው የለም። ለነፍሴ የሚሆነውን ለንስሐ አባቴ ለብቻቸው ነግሬ ጨርሻለሁ፤ እዚህ የሚጻፈው በሰውና በሰው መካከል ያለው ብቻ ነው።

ወደ ክፍፍሉ ከመግባቴ በፊት የምስክሮች ጉዳይ ይስተካከል። ጎረቤቴ ከማል ሊመሰክርልኝ መጥቶ ነበር። መኪናዬን የምተወው ለእሱ ስለሆነ ምስክር ሊሆን አይችልም ብዬ አስነሣሁት።

«ኦኬ፣ ሶ ቢልቂስ ትፈርም» አለኝ፤ ሚስቱን ማለቱ ነው።

«ሚስትህም አትሆንም። መኪናው ውስጥ አብራህ የምትቀመጠው እሷ አይደለችም?»

«እትዬ ሙሉ፣ እዚህም ኮምፕላያንስ አለ እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

አለ። ሃያ ሁለት ዓመት የኖርሁበት ሥራ ነው። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አሠልጣኞችና ተማሪ አትሌቶች የስፖርቱን ደንብ መጠበቃቸውን እቆጣጠር ነበር። ስለዚህ ምስክሮቼ ሃኒና ይህን የሚጽፉልኝ አቶ ይርጉ ናቸው። ለሁለቱም ምንም አልተውሁላቸውም፤ እንዳይቀየሙኝ።

አንደኛ። ቤቴ ከነዕቃው ለእኅቴ ልጅ ለሠርካለም ይሁን። ኤቨረት ከተማ የፋብሪካ ፈረቃዋን ጨርሳ፣ በዚያ በተጨናነቀ መንገድ በየሳምንቱ እየመጣች ያሳከመችኝ እሷ ናት። የዚህ ኑዛዜ አስፈጻሚም እሷው ትሁን። ብትሸጠው አልቀየማትም፤ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ስለሆነ ፈላጊው ብዙ ነው ይሉኛል።

ሁለተኛ። መኪናዬ ለከማል ይሁን። ከሥራዬ በተባረርሁ በዚያ ሳምንት በሬን ያንኳኳ ሰው እሱ ብቻ ነበር። ሶዶ ከሚባለው የሲያትል ሠፈር፣ ከሚሠራበት መጋዘን ከነሥራ ልብሱ መጥቶ፣ ምን ሆነው ነው ብሎ ሳይጠይቀኝ፣ ብርድ ስለነበር የመኪናዬን ባትሪ አይቶልኝ ሄደ።

ሦስተኛ። ወጥ ቤት፣ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ክዳኑ አበባ ያለበት ነጭ ድስት አለ። ለባለቤቱ ለወይዘሮ ገንዘብ ይመለስ። ገንዘብ የሠላሳ ዓመት ጓደኛዬ ነበረች። አንድ ማኅበር ጠጥተናል፤ ልጇን ኖላዊትን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያነሣኋት እኔ ነኝ። ድስቱን ዶሮ ወጥ ሞልታ የላከችልኝ ልጇ ከዚህ በታች በምናገረው ጉዳይ እንድትመሰክር በተጠራችበት ቀን ዋዜማ ነበር። በላሁት፤ ጣፈጠኝም። በማግሥቱ የሆነውን ስሰማ አጥቤ አስቀመጥሁት። በእኛ ወግ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ይህ ግን ባዶውን ይመለስ።

አራተኛ። ለአሠልጣኝ በዛብህ ምንም አልተውለትም። ስሙን ያነሣሁት ረስታው ነው እንዳይባል ነው። አየር ማረፊያ ሻንጣ ሲጭን ያገኘሁት፣ ጉልበቱ የከዳው ሯጭ ነበር። የምስክር ወረቀቶቹን ተርጕሜ፣ የማመልከቻ ደብዳቤውን ጽፌ፣ በእኔው ዩኒቨርሲቲ ረዳት አሠልጣኝ ሆኖ እንዲቀጠር ደጅ ጠናሁለት። አሠልጣኝ ሁሉ የሚፈተነውን የደንብ ፈተና እንዲያልፍም ሳሎኔ ውስጥ ሦስት ሳምንት አስጠናሁት። ተማሪን በሳምንት ከሃያ ሰዓት በላይ ማሠልጠን ክልክል ነው። በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ዕረፍት ግዴታ ነው። በዚያ ቀን ተማሪው በገዛ ፈቃዱ ቢሮጥ ይችላል፤ አሠልጣኙ ግን ሊያዝም፣ ቆሞ ሊመለከትም፣ የቀረውን ሊቆጥርም አይችልም። በዛብህ ጎበዝ ተማሪ ነበር። «በገዛ ፈቃዱ» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ፤ እኔም ትጋቱ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ የሩጫ ቡድኑ ልጃገረዶች እሑድ እሑድ ሲዋርድ ፓርክ ሐይቁ ዳር «በገዛ ፈቃዳቸው» ይሮጣሉ። እሱ መስኮቱን ዘግቶ መኪናው ውስጥ ቁርሱን ይበላል። የቀረች ልጅ ለሚቀጥለው ውድድር ስሟ አይጠራም። ልጆቹ በየሳምንቱ በሚሞሉት የሰዓት ቅጽ ላይ ግን እሑድን «ዕረፍት» ብለው ይፈርማሉ። ቅጾቹ ወደ እኔ ጠረጴዛ ይመጡ ነበር፤ እኔም ትክክል ነው ብዬ እፈርምባቸው ነበር። ደንቡን ያስተማርሁት ሰው በእኔው ፊርማ ሲጫወት ኖሯል፤ ይህን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል።

አምስተኛው ላይ ስደርስ ሃኒ «እትዬ፣ ትንሽ ረፍት ያድርጉ» አለችኝ። አላርፍም። አቶ ይርጉን ያስጠራሁት ለዚህ ነው።

ከሰባት ዓመት በፊት በጥቅምት መጀመሪያ፣ ያን ጊዜ የሃያ ዓመት ልጅና የበዛብህ ሯጭ የነበረችው ኖላዊት ወደዚህ ቤት መጣች። የቅልጥሟ አጥንት ተሰንጥቆ ሳለ ትሮጥበት ነበር። ወጥ ቤት ተቀምጣ አለቀሰች።

«አልቻልኩም እትዬ። በቃ፣ አይ ካንት» አለችኝ። የእሑዱን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረችኝና ከቦርሳዋ ሰማያዊ ደብተር አወጣች። «የሮጥኩበትን ሪል ሰዓት፣ እውነተኛውን፣ እዚህ ነው የምጽፈው።»

«ለእኔ ከነገርሽኝ ለመሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ ግዴታዬ እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አልኋት።

«አውቃለሁ። ሲጠሩኝ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ደብተሩን ግን ለማንም አያሳዩብኝ፣ የሌሎቹ ልጆች ስም አለበት። ፕሮሚስ ያድርጉልኝ።»

ቃል ገባሁላት። በማግሥቱ ለመሥሪያ ቤቴ አመለከትሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አጣሪዎቹ ጠሯት። እሷም «እንዲህ ያለ ነገር ለወይዘሮ ሙሉወርቅ ተናግሬ አላውቅም፤ እሑድ የምሮጠው ፈልጌ ነው» ብላ ፈረመች። ወረቀቱን አቀረቡልኝ። ፊርማዋን አውቀዋለሁ፤ በልጅነቷ እጇን ይዤ ስሟን ያስጻፍኋት እኔ ነኝ።

ማስረጃ አለሽ ወይ አሉኝ። ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ቦርሳዬም ጭኔ ላይ ነበር። የለኝም አልሁ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ያን መሥሪያ ቤት የዋሸሁት አንድ ውሸት ይህ ነው። በግል ቂም አሠልጣኝ ወነጀለች ተብዬ ተባረርሁ። በዛብህ በቦታው ቀረ። ገንዘብም ማኅበርተኛው ፊት «እሷ መካን ስለሆነች በልጄ ቀናች» አለች። ያን ዕለት አሥራ አንድ ሴቶች ተቀምጠው ነበር። አንዷም ተይ አላለቻትም።

አቶ ይርጉ እዚህ ላይ ብዕራቸውን አስቀምጠው «ልጅ ነበረች እኮ፣ ወይዘሮ ሙሉ» አሉኝ።

አውቃለሁ። ስኮላርሺፗን ልታጣ ትችል ነበር፤ እናቷም አስፈራርታታለች። የመጣችው ወደ ክርስትና እናቷ ነበር፤ ያገኘችው ግን የደንብ ተቆጣጣሪዋን ነው። አቅፌ ላስተኛት ሲገባኝ ግዴታዬን አነበብሁላት። ይህን ሁሉ ለሰባት ዓመት ለራሴ ስነግረው ኖሬአለሁ፤ አላጽናናኝም። አንድ ቀን እንኳ በሬን አላንኳኳችም። አቶ ይርጉ፣ ሳያለሳልሱ «ከድታኛለች» ብለው ይጻፉ።

ዛሬ ኖላዊት የበዛብህ ረዳት አሠልጣኝ ናት። የሰዓት ቅጾቹን ሰብስባ የምታስፈርመው እሷ ናት። ለደመራ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሳሮን የምትባል አዲስ ሯጯ ደረጃውን በአንድ እግሯ ስትወጣ አየሁ። ምን ሆንሽ አልኋት። «አይም ፋይን፣ እሑድ ስሮጥ ነው። ግን ቮለንተሪ ነው» አለችኝ፤ በገዛ ፈቃዴ ማለቷ ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ደብተሩን አውጥቼ ማሳየት እችል ነበር፤ ቃሌ ያዘኝ።

ስለዚህ አምስተኛ። ሰማያዊው ደብተር በፖስታ ታሽጎ ራስጌዬ ባለው መሳቢያ ውስጥ ነው። ምስክሮቼ ፖስታውን አይተዋል፤ ውስጡን አላዩም። የምተወው ለኖላዊት ነው፤ ከድሮም የእሷ ነው። የሞትሁ ዕለት ሠርካለም ትደውልላት። የምትረከበው ግን ከዚህ በታች ባለው የርክክብ ቃል ላይ ፈርማ ነው። በዚህ ላይ መፈረም ያን የድሮውን ወረቀት ማፍረስ መሆኑን ታውቃለች፤ የምጠይቃትም ለዚሁ ነው። ከፈረመች በኋላ ብታቃጥለውም፣ አጣሪዎች ፊት ብታቀርበውም፣ ከሳሮን ጋር ቁጭ ብላ ብታነበውም አላዝም። ለቅሶውም ላይ ከሠርካለም ጎን እንደ ልጅ ትቀመጥ።

ሣጥኔ እስኪዘጋ ካልፈረመች ግን ፖስታው ሳይከፈት ከእኔ ጋር ይቀበር። እሷ ቃሏን ባትጠብቅም እኔ እጠብቃለሁ። ገንዘብም በዛብህም ለለቅሶ ቢመጡ ማንም እንዳይመልሳቸው፤ ምን ያህል እንደሚያለቅሱም ማንም አይቁጠር።

የተናገርሁት ሁሉ ተነቦልኝ፣ ሁለት ቦታ አሳርሜ፣ በእጄ ፈርሜበታለሁ።

ተናዛዥ፦ ሙሉወርቅ አየለ (ፈርመዋል)

ምስክርና ጸሐፊ፦ ይርጉ ወልደ ማርያም (ፈርመዋል)። እንደ ነገሩኝ ጻፍሁ። አንዲት ቃል እንዳለሰልስ ጠይቄአቸው እምቢ ብለዋል።

ምስክር፦ ሃኒ ግርማ (ፈርማለች)። ዓይኔ እያየ ፈርመዋል። ቀኑን የተሳሳትሁትም እኔ ነኝ።

የርክክብ ቃል

እኔ ኖላዊት ዘካሪያስ፣ በዚህ ፖስታ ውስጥ ያለውን ሰማያዊ ደብተር የጻፍሁት እኔ ነኝ። የጻፍሁትም እውነት ነው። ለክርስትና እናቴ የሰጠኋቸውም እኔ ነኝ። ዛሬ ማንም ሳያዝዘኝ፣ ማንም መኪና ውስጥ ሆኖ ሳይጠብቀኝ፣ በገዛ ፈቃዴ ተረክቤአለሁ።

ፊርማ ........................

የተፈረመበት ትክክለኛ ቀን ........................