ቪታራዋን ያልሸጥኩበት ምክንያት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለዓለምሰገድ፣ ጅቡቲ።

እንደምን ሰንብተሃል ወንድምዓለም? ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ ዛሬም ጎንበስ ስትል ያምሃል? አብረውህ የሚኖሩት ጓደኞችህ ደኅና ናቸው? ምግብስ በሰዓቱ ትበላለህ? እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ጤናችን ደኅና ነው። ዝናቡ በጊዜው ጥሎልን የጓሯችን ቡና አበባውን አራግፎ ፍሬ ቋጥሯል።

ይህን በስልክ መንገር አቅቶኝ አይደለም። በስልክ ገና "መኪናዋ..." ስል "ሽጫት አልኩሽ እኮ!" ብለህ ስለምትጮህብኝ ነው። ወረቀት ላይ መጮህ አትችልምና አርፈህ አንብብ። አልሸጥኳትም። ቆይ፣ አትቆጣ፤ መጀመሪያ ስማኝ።

ከገና ወዲህ ቪታራዋ ዳገት እንደጠላች ነግሬህ የለ? ከገበያ ወደ ቤታችን ያለችውን አቀበት እንኳ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ነበር የምትወጣው። ባጃጁ ሁሉ ይቀድመኛል፤ ተማሪዎቼ በእግራቸው እየደረሱብኝ "ቲቸር፣ እንግፋልሽ?" ይሉኛል። ጥቁር ጭስ ታጨሳለች፣ ቤንዚን እንደ ውኃ ትጠጣለች። ያያት ሁሉ "ሞተሩ አልቆለታል" አለ። አንተም "ሃያ አምስት ዓመት ያገለገለች መኪና ናት፤ ገደል ሳትከታችሁ ሽጧት" አልክ። ለእኛ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልተቀየምኩም። ገዢም ተገኘ፣ ፈታትቶ ዕቃዋን የሚሸጥ የቴፒ ሰው። ለቅዳሜ ቀጠርኩት።

የከበደኝ የእማዬ ነገር ነው። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቃ መቀመጥ አትችልም፤ እግሯ የሚዘረጋው ቪታራዋ የፊት ወንበር ላይ ብቻ ነው። ማሻ ያለችውን እህቷን፣ አክስታችንን ወርቅአፈራሁን፣ ካየች ሦስት ዓመት አለፋት። አንድ ቀን በቪታራዋ አደርስሻለሁ እያልኩ ስሸነግላት ነው የከረምኩት። መኪናዋ ልትሸጥ ነው ስላት "ደግ ነው፤ እኔ ደግሞ የት እሄድና" አለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ፋሲካ ገና ሳምንቱ ነበር፤ ዶሮ ወጡን አቅርቤላት አንድ ጉርሻ አልቀመሰችም። ሁለት ወር ጾማ የፈታች ሴት ዶሮ እምቢ ስትል አስበው እስቲ!

ሐሙስ ዕለት መኪናዋን አማን መግቢያ ወዳለው ጋራዥ፣ ወደ ጋሽ ሀይደር ወሰድኳት። ለማዳን ብዬ አይደለም፤ ዘይቷ ተቀይሮ፣ ታጥባ፣ በክብር ትሸኝ ብዬ ነው። ጋሽ ሀይደር ባለቤቱ አጠገባቸው ካልቆመ መፍቻ አያነሡም። "ኋላ ለወጠብኝ እንዳትሉኝ" እያሉ የወጣውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ በከረጢት አድርገው ያስረክባሉ። ሞተሩን አስነሥተው ጥቂት አዳመጡና "ይቺ መኪና ትንፋሽ አጥሯታል፤ የአየር ፊልትሮዋ መቼ ተቀየረ?" አሉኝ። ስትሄድ ጽፈህ ከሰጠኸኝ የመኪናዋ እንክብካቤ ዝርዝር ውስጥ ዘይቱን በየአምስት ሺህ ኪሎ ሜትሩ አንድም ጊዜ አላጓደልኩም፤ ጎማ አስነፋለሁ፣ የራዲያተሩን ውኃ አያለሁ። የአየር ፊልትሮውን ግን "አየር ደግሞ ምን ይቆሽሻል?" ብዬ አንተ ከሄድክ ጀምሮ አራት ዓመት ዘልየዋለሁ። ይኸው ተናዘዝኩልህ።

የፊልትሮው ክዳን ሲነሣ ምን ብናይ ጥሩ ነው? ቡና! ከነገለባው የደረቀ ጀንፈል፣ እስከ አፍ ገደፉ ሞልቶ! ከመሃሉ ደግሞ የአይጥ ጎጆ፤ እማዬ ስትፈልገው የከረመችው የሱፍ ካልሲ ተበጫጭቆ ተነጥፎበታል። ያኔ ነገሩ ገባኝ። ኅዳር ላይ ዝናቡ አላቋርጥ ሲል ቡናውን መኪናዋ ከምታድርበት ቤት አስገብተን ከጎኗ አልከመርነውም? ፀሐይ ብቅ ስትል ደግሞ ኮፈኗ ላይ አሰጣው ነበር፤ የጋለ ብረት ቶሎ ያደርቃል ብዬ ያመጣሁት የራሴ ብልሃት ነው። አይጧም ጎተራ ተሠራልኝ ብላ ቀስ በቀስ አጓጓዘችው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው፤ ስንረግመው የከረምነው ምስኪኑን ሞተር! ጋሽ ሀይደር ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር፤ "ዘካ ያልወጣለት ቡና አገኘን" ብለው መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ጠረጉ።

አንተ የምትሰጋው ስለ ፍሬኑ ነውና እሱንም ልንገርህ። የፊት ፍሬን ሸራው አልቆ ስለነበር በአዲስ ተተካ። አራቱም ካንዴላ ጥላሸት ለብሶ ነበር፤ ተቀየረ። እማዬን ማሻ ልወስዳት እንዳሰብኩ ነግሬያቸው ነበርና፣ የዳይናሞው ቺንጋ ተሰነጣጥቆ ሲያገኙት "ይኼ ማሻ ሳያደርስሽ ይበጠስ ነበር" አሉኝ፤ እሱም ተቀየረ። የፍሬኑ ዘይት፣ የሞተሩ ዘይት፣ ፊልትሮው፣ ሁሉም አዲስ ነው። ዓርብ ከሰዓት ስረከባት ያንን አቀበት በሦስተኛ ማርሽ ወጣሁት። ብቻዬን መኪናዋ ውስጥ እልል አልኩ፤ ያየኝ ሰው አብዳለች ሳይል አይቀርም። ለገዢው ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። ቀጠሮ አፍራሽ አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ምን እላለሁ።

ቅዳሜ በጠዋት እማዬን "ልበሺ፣ ማሻ ልንሄድ ነው" አልኳት። አይ የእኔ ሞኝነት! ባዶ ሆዷን ሳለች፣ ያውም በድንገት! "ማን ሞተ? ወርቅአፈራሁ ናት? አትደብቂኝ!" ብላ ደረቷን ያዘች። መርዶ የምነግራት መስሏታል። በመስቀልም በማርያምም ምዬ፣ ልጄ ልዩ ደግሞ ጋሽ ሀይደር በከረጢት ያስረከቡኝን የአይጧን ጎጆ አምጥታ አሳይታት ነው በስንት መከራ ያመነችኝ። ካልሲዋን ስታይ አይጧን ረገመቻት፤ ከዚያ በኋላ ግን ነጠላዋን ለመልበስ ደቂቃ አልፈጀባትም።

ከቴፒ ወዲያ ያለውን ዳገት እንዴት እንደወጣችው ብታይ! ጭጋጉ ውስጥ ገብታ ስትወጣ እማዬ "ጎበዝ፣ ጎበዝ" እያለች የመኪናዋን በር ትመታ ነበር። ማሻ ስንደርስ አክስታችን ደጅ ላይ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። እማዬ በከዘራዋ ተደግፋ ስትወርድ አየቻትና ጎመኑን በትና ጮኸች። "ወይኔ ልጄን! ዓለምሰገድ ነው አይደል? የሰው አገር በላው!" ብላ ቁጭ አለች። የዳሌዋን ስብራት ስለምታውቅ እማዬ ያለ መርዶ አትመጣም ብላ ነው። ጎረቤት ነጠላውን እያዘቀዘቀ ግር ብሎ መጣ። ወንድሜ፣ ማሻ ላይ ሦስት ደቂቃ ያህል ተለቅሶልሃል፤ ለቅሶው ደግሞ ደኅና ነበር፣ አታፍርበትም። እማዬ "ማንም አልሞተም! እኔ ነኝ የመጣሁት! አንቺን ላይ ነው የመጣሁት!" ብላ ስትጮህ ነው ለቅሶው ወደ እልልታ የዞረው። ተቃቅፈው መላቀቅ አቃታቸው። እኔም መሪውን እንደያዝኩ አለቀስኩ፤ ደስ ሲለኝ እንደማለቅስ ታውቃለህ።

ባለቤቴ ፍሬአብ እጅግ አድርጎ ሰላም ይልሃል፤ ቡናውን ከመኪናዋ ቤት አውጥቶ ራሱን የቻለ ቆጥ ሠርቶለታል። ልዩ ሁለት ጉንጭህን ትስማለች። ጋሽ ሀይደር "አላህ ያግዘው" ብለውሃል። አክስታችን ወርቅአፈራሁ ሞተሃል ብላ ስለተሳሳተች ዕድሜዋን ቀንሳ ለአንተ መርቃልሃለች።

እማዬ ደግሞ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት አለችኝ፤ ቃሏን አልለወጥኩም። "ልጄ ሆይ፣ ሰው ደጃችን ሲመጣ መርዶ የሚመስለን እስኪሆን ድረስ ተራርቀናል። እኔ እግር አጥቼ ነው ከእህቴ የቀረሁት። አንተ ምን አጥተህ ነው? ለእኔ መርዶ እንዳትመጣ፤ ቆሜ ሳለሁ ና።"

እህትህ ማናልሞሽ
ሚዛን ተፈሪ
ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.