የድንጋይ አበቦችህን ዝቅ አድርጋቸው

ከጨው ውኃ ጋር ለተወዳጀው ታላቅ ወንድሜ፣ ለአያ ዳኛው የሻው፤ ታጁራ።

እንደምን ሰንብተሃል? ራስህ ደኅና ነው? ጉልበትህ፣ ወገብህ፣ ያ ከቆላ ጋር የማይስማማው ሆድህስ ደኅና ነው? ፀሐይ የጠበሰው መላጣህ እንደምን ነው? የምትተኛበት ቤት፣ የምትጠጣው ውኃ፣ አብሮህ የሚሠራው ወንዴ፣ ጀልባይቱ ሳትቀር ሁሉም እንደምን ከርመዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ከአንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። በዚህ ግን እንዳትኩራራ፤ እማዬ ያቺን ቀንደ ሰባራ ላም በሸጥናት ጊዜም እንዲሁ ሁለት ወር ተክዛለች።

ምነው እናኑ ስልክ እያለላት ወረቀት ያዘች ብለህ እንደምትገረም አውቃለሁ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ሁለት ጊዜ ተቀምጬ ሁለት ጊዜ የተነሣሁ ልጅ ብዕር ካነሣሁ ነገር አለ ማለት ነው። ባለፈው ማክሰኞ ደውዬ፣ ባሕርህ እየጋለ መሆኑን ሳተላይቱ አይቶታል ብልህ፣ ዛሬ ደግሞ ምኔን አየ፣ ካልሲዬን ነው ብለህ ሳቅህ። ስቀህ ስቀህ ስልኩን ዘጋኸው። አልፈርድብህም፤ የዘራሁትን ነው ያጨድሁት።

ይህን ደብዳቤ ወንዴ ከጎንህ ሆኖ ማንበቡ ስለማይቀር ኃጢአቴን እዚሁ ልናዘዝ። በመጋቢት ደውዬ፣ እኔ በማጸዳበት ዩኒቨርሲቲ ምድርን ሁሉ ከሰማይ ሆኖ የሚያይ ሳተላይት የሚባል ነገር አለ፤ አንተንም ቀን በስድስት ሰዓት ከጀልባው ጥላ ሥር አፍህን ከፍተህ፣ የግራ ጫማህን አውልቀህ ስታንኮራፋ አየሁህ አልሁህ። ያየሁት ነገር አልነበረም። ከልጅነትህ ጀምሮ አተኛኘትህ እንዲያ መሆኑን እማዬ ስለምታወራ ነው። አንተ የዋሁ ግን አመንኸኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የቀን እንቅልፍ ሳትነካ፣ ሰማዩን በጎን እያየህ፣ ጫማህን ጥፍር አድርገህ አስረህ ዋልህ። ወንዴ ነገሩን ሰምቶ ለሠራተኛው ሁሉ ሲያወራብህ ነው የነቃኸው። ከዚያ ወዲህ ሳተላይት የሚል ቃል ከእኔ አፍ ከወጣ ለአንተ ጨዋታ ነው። አሁን እውነቱ መጣና የሚያምነኝ አጣሁ።

እውነቱ እንዲህ ነው። ቢሯቸውን የምወለውልላቸው መምህር ፊልጶስ የሚባሉ ሰው አሉ። ሥራቸው ጣናን የወረረው እምቦጭ ዛሬ የት ደረሰ እያሉ ከሰማይ በተነሣ ምስል አረሙን መከታተል ነው። ምሳ ሰዓት ላይ መወልወያዬን ግድግዳ አስደግፌ፣ እስቲ የወንድሜን ባሕር ያሳዩኝ እላቸዋለሁ። ያሳዩኛል። ከእንፍራንዝ በላይ ካለው ጉብታ ሆኜ ጣናን አንድ ጊዜ ካየሁት በቀር እኔ ትልቅ ውኃ አላውቅም። የአንተ ባሕር ደግሞ ኮምፒዩተሩ ላይ ሲታይ ማዕበል የለው፣ ድምፅ የለው፣ ቀለም ብቻ ነው። መጀመሪያ የጥቅምት ሰማይ የመሰለ ሰማያዊ ነበር። በሳምንቱ ስመጣ ብጫ ሆነ፤ ደግሞ ስመጣ ብርቱካን ሆነ። አሁን ከባሕሩ አፍ ጀምሮ ወደ ውስጥ፣ አንተ ወዳለህበት ጓዳ፣ ቀዩ ውኃ እንደነካው ጥለት እየሰረገ እየሰረገ ይገባል። ድምፅ ስለሌለው ነው መሰል፣ ሳየው እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል።

ሐሙስ ለት እንዲያ እያየሁ ወንበሩ ላይ ዓይኔ ከደን አለ። የፋሲል ግንብ እስከ ጣሪያው ባሕር ሞልቶት አየሁ። ዓሦች በመስኮት ይገባሉ፣ በመስኮት ይወጣሉ፤ በረኛው ቲኬት ቁረጡ እያለ ይከተላቸዋል፣ የሚሰማው የለም። አንተ ከታች፣ ከግንቡ አዳራሽ ውስጥ፣ መላጣህ እንደ ፋኖስ እያበራ ቀስ ብለህ ትሄዳለህ። ግድግዳው ሁሉ አበባ ነው፤ ሐምራዊ፣ ቅጠልያ፣ የሰናፍጭ ብጫ። ልጠራህ ብል ከአፌ አረፋ ወጣ እንጂ ድምፅ አልወጣም። አንተም ዘወር ብለህ ሳቅህ። ስትስቅ ቀለሙ ከግድግዳው ይለቅ ጀመር። ለቀቀ፣ ለቀቀ፣ መጨረሻ ሁሉም ነጭ ሆኖ ዝም ብሎ ቆመ። ስነቃ የባልዲው ውኃ ተደፍቶ ጫማዬ ውስጥ ገብቷል።

መምህር ፊልጶስን ይህ ቀይ ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። እንደገባኝ ልንገርህ። እያንዳንዱ የባሕር ሰፈር በዓመት ውስጥ እጅግ የሚሞቅበት ወር አለው፤ የዚያ ወር ሙቀት ልኩ ነው። ከልኩ አንድ ዲግሪ አልፎ አንድ ሳምንት ከቆየ፣ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። እንዲህ እየተጠራቀመ አራት ሲሞላ ኮራሉ፣ ያ አንተ የምትተክለው የድንጋይ አበባ፣ ይነጣል፤ ስምንት ሲሞላ መሞት ይጀምራል። እኔ በዐቢይ ጾም ሳምንታት ቆጥሬ ነው የያዝሁት። አራተኛው ሳምንት መጻጉዕ ነው፤ ያ ሠላሳ ስምንት ዓመት የአልጋ ቁራኛ ሆኖ የኖረው ሰው የሚነበብበት። ያኔ የአንተም አበቦች አልጋ ይይዛሉ። ስምንተኛው ሆሣዕና ነው። ለእኛ ከሆሣዕና ቀጥሎ ፋሲካ አለ፤ ለእነርሱ ግን ቀጥሎ የሚመጣ ነገር የለም። መምህር ፊልጶስ ይህን ሲሰሙ ለተማሪዎቼ እንዲህ አድርጌ አስተምረዋለሁ አሉኝ። ስሜን መጥቀስዎን አይርሱ አልኋቸው። ያንተ ሰፈር ቁጥር አርብ ለት ሦስት ተኩል ደርሶ ነበር።

ኮራል ድንጋይ አይደለም፣ ነፍስ ያለው ነው፣ ቀለሙም ምግቡም ውስጡ ከሚኖር ደቃቅ አረንጓዴ ነገር ነው ብለህ ያስተማርኸኝ አንተ ነህ። እንግዲህ ሙቀት ሲበዛበት ያንን ደቃቅ ነገር ከቤቱ ያስወጣዋል። ወጥ እየሠራ የሚያበላውን ተከራይ ተናዶ እንዳባረረ ሽማግሌ ማለት ነው፤ ቤቱ ባዶ ሆኖ፣ ነጥቶ፣ ተርቦ ይቀመጣል። ንጣቱ ራሱ ሞት አይደለም አሉኝ፤ ረኃብ ነው። ውኃው ቶሎ ከቀዘቀዘ ተከራዩ ይመለሳል። ካልቀዘቀዘ በረኃብ ያልቃል።

አንተ ደግሞ ማክሰኞ ለት ስልኩን ከመዝጋትህ በፊት ሁለት ነገር አልኸኝ። አንደኛው፣ እንዲያውም አሁን ሸጋ ሆነዋል፣ ጫፍ ጫፋቸው ነጥቶ ጥምቀት የወጣ ሕዝብ መስለዋል፣ እንግዶች ሁሉ ፎቶ ያነሡልኛል ነው። ሁለተኛው፣ ሰኔ ሊገባ ነው፣ ክረምት ነው፣ ይቀዘቅዛል ነው። አያ ዳኛው፣ ሥራ የገባኸው በጥቅምት ነው፤ የዚያን አገር ሰኔ አይተኸው አታውቅም። ክረምትና ብርድ የሚገጥመው እኛ ደጋ ላይ ነው። አንተ ያለህበት ባሕር ሰኔ ሲገባ ነው እሳቱ የሚነድ። ከጎንደር ስትወጣ ወሮችህን ሁሉ በቦርሳህ ይዘህ ሄደሃል ልበል?

አሁን ሥራው። ስድስት ወር ሙሉ እየቋጠርህ በገመድ ያንጠለጠልኻቸው ሁለት መቶ አርባ የኮራል ቁራጮች ከላይ፣ ከሚጋለው ውኃ ውስጥ ናቸው። መምህር ፊልጶስ፣ እኔ የሐይቅ አረም እንጂ የባሕር ሰው አይደለሁም ካሉ በኋላ፣ እንዲህ ያለ ችግኝ የሚጠብቁ ሰዎች ሙቀት ሲመጣ ገመዱን አስረዝመው ወደ ጥልቁ፣ ወደ ቀዝቃዛው ዝቅ እንደሚያደርጉት አንብቤያለሁ አሉኝ። ሳተላይቱ የውኃውን ቆዳ ብቻ ነው የሚያየው፤ ከታች ያለውን ወንድምሽ ራሱ ሙቀት መለኪያ አውርዶ ይለካ፤ ለአለቃውም ዛሬውኑ ይደውል ብለዋል። አለቃህ ለዕረፍት አገሩ ገብቶ በሐምሌ ይመለሳል አላልኸኝም? እሱ እስኪመለስ ስምንቱ ይሞላል። ቁልፉን የሰጠህ ለአንተ ነው። ደግሞ ልንገርህ፣ ሳተላይቱ ከፒያሳ እስከ ወለቃ ያለውን ሁሉ እንደ አንዲት ነጥብ አድርጎ ነው የሚያይ። ስለዚህ እንቅልፍህን በሰላም ተኛ፤ መላጣህን ያየው የለም።

ማመንህን ስለምጠራጠር፣ ሰው መሬት ሲካፈል እንደሚያደርገው እማኝ አቆምሁብህ። መምህር ፊልጶስ በባዶ ወረቀት ላይ አልፈርምም አሉ። ባለፈው ዓመት በራቸው ላይ ዛሬ ትምህርት የለም የሚል ወረቀት ለጥፌ ክፍሉን ሙሉ ቤቱ የሰደድሁት እኔ መሆኔን ያውቃሉ። በገዛ እጃቸው ጽፈው፣ ፈርመው፣ ስልካቸውን ጨምረው ነው የሰጡኝ፤ ከዚህ ጋር በስፒል አያይዤዋለሁ።

ሁለተኛውን እማኝ ፍለጋ ዛሬ ኮሶዬ ወጣሁ። አባባ ከቅዳሴ ተመልሰው ከደጅ ተቀምጠዋል። ነገሩን ከሥሩ ነገርኋቸው። እንደ ልማዳቸው በሬ ወለደ ብለው ሳቁ። ባሕር ውስጥ ያለ ድንጋይ ቢነጣ ለሰው ምኑ ነው አሉ። እኔም ተናድጄ፣ ዳኛውም እንዲሁ ነው የሚል፣ ጥምቀት የወጣ ሕዝብ መስለው አምረዋል አለኝ አልኋቸው። ይኸን ጊዜ ሳቃቸው ቆመ። እንዴት አድርጎ ነው ያለው አሉኝ። ደገምሁላቸው። አያ ዳኛው፣ አባባን እንዲያ ሆነው አይቼ አላውቅም። ከፊታቸው ወዳለው ገደል፣ ከገደሉ በታች ወደተኛው ደመና ዞሩ። ደመናው ያን ሰዓት ባሕር ይመስል ነበር፤ ኮረብቶቹ እንደ ደሴት ብቅ ብቅ ብለውበት።

ከዚያ ነገሩኝ። እኔ ገና እማዬ ጀርባ ላይ ነበርሁ፤ አንተ አሥራ አራት ዓመትህ። የባቄላው ዓመት። ጥቅምት ላይ አንድ ማለዳ ከቤት ሲወጡ ማሳው ሁሉ ነጭ ሆኖ ያበራል። ማማሩ ገርሟቸው አንተን ከእንቅልፍህ ቀስቅሰው አወጡህ። ከዳሩ ቆማችሁ አያችሁት። አንተም፣ አባባ፣ ኮከብ ሲረግፍበት አደረ አልኻቸው። ፀሐይ ሞቅ ስትል ማሳው እሳት እንደበላው ጠቆረ። በዚያው ዓመት ነው አንተ ቀን ሥራ ፍለጋ መተማ የወረድህ፤ ይኸው እስከ ዛሬም አልተመለስህ። ውርጩን ቆሜ ማድነቄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም አሉኝ። ማስቀረት ባልችልም፣ ልጄን ጠርቼ መጥፊያችንን አስደነቅሁት አሉ።

እንግዲህ ይህን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እኔ ልፈጥረው አልችልም። ኮከብ ረገፈ ማለትህን ጽፈሽ ላኪለት፣ ከእኔ መሆኑን ያውቃል አሉ። ያ የባሕር ውርጭ ነው፤ በሙቀት የሚመጣ ውርጭ ነው። የነጣውን ቆመህ አትይ በይው አሉ። ከዚያ የብዕሬን ቀለም አውራ ጣታቸው ላይ ቀብተው ከዚህ በታች ተጫኑ። እማዬም ነገሩ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ፣ ለልጄ ከሆነ አሥሩንም ጣቴን ብላ መጣች፤ አንዱ ይበቃል ብዬ ነው የመለስኋት። በስተግራ ያለው የተንጋደደው የእሷ ነው።

ነገ በጥዋት አዘዞ ወርጄ፣ ወደ ጅቡቲ ወደብ ለሚመላለሰው ለሹፌሩ ለቢያዝን እሰጠዋለሁ። ታጁራ ድረስ ወስጄ በእጁ እሰጠዋለሁ፣ እስኪያነበውም ቆሜ እጠብቃለሁ ብሎኛል። አንብበህ ስትጨርስ ለአለቃህ ደውል፣ ገመድህን ፍታ። ዝቅ ካደረግኻቸው በኋላ ንፋስ ተነሥቶ ባሕሩ በራሱ ከቀዘቀዘ፣ ልፋትህ ሁሉ በከንቱ ከሆነ፣ እናኑ እንደገና ዋሸች ብለህ ለወንዴም ለሠራተኛውም አውራብኝ። ሙሉ ዓመት ሳቁብኝ። ዕድሜዬን ሁሉ ሰው እንዲያምነኝ እየዋሸሁ ኖሬ፣ ዛሬ ገና እውነት ተናግሬ ውሸታም መባል አማረኝ።

እንግዲህ ሰላምታ። አባባ የሻው እጅግ አድርገው ሰላም ብለውሃል። እማዬ ይርገዱ ጉንጭህን ትስማለች። ወንዴን ሰላም በልልኝ። ቁራጮችህን ስትቋጥር ናፍቆት ይዞህ በእኛ ስም እንደጠራኻቸው ነግረኸኝ ነበር፤ እነርሱንም በየስማቸው ሰላም በልልኝ። አባባ የሻው ላልኸው ለወፍራሙ፣ እማዬ ላልኻት ቅርንጫፈ ብዙዋ፣ እናኑ ብለህ ከገመዱ ጫፍ ላሰርኻት ጠማማ። ሰላምታዬን ግን ላይ ሆነህ አትንገራቸው። ታች፣ ውኃው ከሚቀዘቅዝበት ካደረስኻቸው በኋላ ንገራቸው።

ታናሽ እህትህ እናኑ የሻው
ኮሶዬ፣ ጎንደር
እሑድ ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.