በፋይልዎ ገጽ ዘጠኝ ላይ ስለወጣው ስሜ

ለተከበሩ የዎልደርሃቨን ከተማ ከንቲባ፣ ለአቶ ሬይን ኦፐርዳይክ፤

እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ በር ላይ ቆመው ፈገግ የሚሉት ጸሐፊዎችዎም እንደምን ሰንብታችኋል? ጤና ይብዛልዎ። እኔ ናይማ ቡዝያን፣ ወላጆቼ ከሞሮኮ መጥተው እዚሁ የወለዱኝ፣ በወደብ ሰፈር መስጊድ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ቁርኣን ሳቀራ የኖርኩ ሴት ነኝ። ላመሰግንዎ ነው የምጽፈው።

አንደኛ፣ ያሲን ቤልሐጅ የሚባለው ሰባኪ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ወጣቶቹን ጫማ ማስቀመጫው ክፍል እየሰበሰበ «ጎረቤትህ ለዒድ ኬክ ይዞልህ ቢመጣ በሩን ዝጋበት፤ ከካፊር ጋር ምን ወዳጅነት አለህ?» ማለት ሲጀምር፣ ጽሕፈት ቤትዎ «የሰማችሁትን ጻፉልን፤ ስማችሁ ከእኛ አይወጣም» ብሎ ስለለመነን፣ አምኜ ሁለት ገጽ ጻፍኩልዎ።

ሁለተኛ፣ በረመዳን ማዘጋጃ ቤት ባሰናዱት ኢፍጣር ላይ «የሙስሊሙ ድምፅ» ብለው በቀኝዎ ያስቀመጡት ይህንኑ ያሲንን ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሰፈሩ ቄስ ጋር ሕሙማን ሲጠይቁ የኖሩት ኢማማችን ሸይኽ ኢድሪስ በር አጠገብ ተቀምጠው ቴምራቸውን በሉ። ጢማቸው አጠር ስለሚል ሙስሊምነታቸው ሳያጠራጥርዎ አልቀረም።

ሦስተኛ፣ ከኢፍጣሩ በኋላ ለሚደረገው ውይይት ይረዳል ተብሎ እኔንም ጨምሮ ለተጋባዦች በታደለው ፋይል ውስጥ ደብዳቤዬ ከነስሜ ከነፊርማዬ ገብቶ ነበር። ያሲን ገጽ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ሾርባውን መጠጣት ቀጠለ።

በሳምንቱ ከሃያ ስድስት ልጆች ሦስት መጡ። ከቀሩት የአንዷ እናት ሐፊዛ ደውላ «እህቴ ናይማ፣ አንቺን ጠልቼ መሰለሽ? ባሌ ‹ሰላይ ልጄን አታቀራም› ብሎ እምቢ አለኝ፤ ምን ልሁን?» አለችኝ። ልጆቹ አሁን የሚማሩት ያሲን ዘንድ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ያሲን አልከዳኝም። እንደማይወደኝ አንድ ቀን እንኳ ደብቆኝ አያውቅም። የከዳኝ እርስዎ ነዎት፤ አንጀቴን ያሳረረውም ይኸው ነው።

ከታላቅ አክብሮትና ካለቀ እምነት ጋር፣
ናይማ ቡዝያን
(ስሜን በሙሉ የጻፍኩት ከእንግዲህ መደበቁ ስለማይጠቅመኝ ነው)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባልደረባዎ ወይዘሪት ማሪት ትናንት ደውለው «ለዘብተኛ አመለካከት ያላት ሌላ ሴት ይጠቁሙን ይሆን?» አሉኝ። አንዲት አውቃለሁ። የሰማችው ነገር እኔ ከጻፍኩልዎ የባሰ ነው፤ ልትነግራችሁም ተነስታ ነበር። ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ።