አማቼ የጻፈው የዘንዶ መጽሐፍ

ሰኞ

ልጄን አለምፀሐይን ሊጠይቁን ነው። እሁድ ሽማግሌ ይልካል። ማን? መምህር ዳዊት፣ ያንን የዘንዶ መጽሐፍ የጻፈው። ልጄ ደራሲ ልታገባ ነው እንግዲህ። ጠዋት ኅብረት ሱቅ ለስኳር ተሰልፈን ወሬው ሁሉ ስለሱ መጽሐፍ ነበር። ለወጣቶች ነው የተጻፈው፣ ግን እናቶቹም ከልጆቻቸው እየነጠቁ ነው። ያላነበብኩ እኔ ብቻ። ሽማግሌ ከመቀበሌ በፊት ማንበብ አለብኝ። ጎረቤቴ ዘይነባ በጋዜጣ የለበጠችውን አውጥታ፣ "እትዬ በላይነሽ፣ ቶሎ ይመልሱልኝ፣ ወረፋ አለው" አለችኝ።

ማክሰኞ

ይኼ ነው?

ገና ሲጀምር የልጅቷን እናት ዘንዶ ዋጣት፣ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ። ከዚያ ልጅቷ ተራራ ትወጣለች። ትወርዳለች። ሌላ ተራራ። ዓይኗ ያበራል። ስትቆጣ ያበራል፣ ሲርባት ያበራል፣ እንደ ቦሌ መንገድ መብራት። የሚናገር ጅብ አለ፤ ምክር ሲጀምር እንደ ቀበሌያችን ሊቀመንበር ማቆሚያ የለውም (ይህችን የማስታወሻዬን ገጽ ኋላ ቀድጄ እጥላታለሁ)። ዘንዶው ሲመጣ ደግሞ ዘፈነችለትና ተኛ። እኔ ቀድሜው ተኝቻለሁ።

መጥፎ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ መጥፎ ነገር እንኳ ያናድዳል። ይኼ ውሃ የበዛበት ሽሮ ነው።

ረቡዕ

ምስር ስንለቅም ለአለምፀሐይ አነበብኩላት፣ ድምፄን እንደ ጅቡ እያጎረነንኩ። መጀመሪያ አኮረፈች። "እማዬ፣ ተይ፣ ስንት የለፋበት ነው።"

"ልፋቱማ ይታያል፤ ላቡ ገጹ ላይ አለ።"

ዓይኗ የሚያበራበት ቦታ ስደርስ ቀና ብዬ አፈጠጥኩባት። በሳቅ ፈረሰች፣ ምስሩም ተበተነ። ኋላማ እሷ ብሳ ቁጭ አለች፤ ዳዊት ተራራ የሚወደው አንገቱ ስለረዘመ ነው አለች። ምላሷን ከኔ ነው የወረሰችው። ስንት ጊዜ ሆኖናል አብረን እንዲህ ከሳቅን።

ሐሙስ

ጉድ ፈላ። አለምፀሐይና ዳዊት መንገድ ዳር ሻይ ሲጠጡ፣ "ዛሬ ዓይንሽ ያበራል" ይላታል ምስኪኑ። ሻዩ በአፍንጫዋ ወጣ። ምን ያስቃል ሲላት ሁሉንም ነገረችው፣ ጅቡንም፣ የኔን ድምፅም። "ሽማግሌ አልልክም" ብሏት ጥሏት ሄደ። በሯን ዘግታ ታለቅሳለች። ባለቤቴ ጋዜጣውን እንኳ ሳያወርድ፣ "አንቺ ሴት፣ ዘንዶውስ አንቺ ነሽ" አለኝ።

እኔም ላለቅስ ነበር። የጅቡ ምክር ትዝ አለኝና ሳቄ መጣ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ዓርብ

ነጠላዬን አጣፍቼ ቡልቡላ በኩል ወደተከራየበት ቤት ሄድኩ፣ ይቅርታ ልጠይቅ። ዓይኑ አብጧል። ሸሚዙን ገልብጦ ለብሷል፤ አልሳቅኩም።

"እውነቱን ይንገሩኝ፣ እትዬ። አልወደዱትም?"

ወድጄዋለሁ ማለት ብቻ ነበር። አቃተኝ። "አሰለቸኝ፣ ልጄ። ሰው ሲያወራ ሰምቼ ትልቅ ነገር ጠበቅኩ። እናትየዋስ ምን በደለችህ፣ እንዲያ ቶሎ ያስዋጥካት?"

"በሕይወት ካለች ልጅቷን ከቤት አታስወጣትማ" አለኝ። "እርስዎ ያስወጧታል?"

አለምፀሐይ አንድ ልጄ ናት። ነጠላዬን ሰብስቤ ተነሣሁ። እንዲህ ያለ ነገር መጽሐፉ ውስጥ ቢያስገባ ኖሮ ጥሩ ይሆን እንደነበር ግን ሳልነግረው አልቀረሁም። በሩ ጋ ስደርስ፣ "ሽማግሌህን ላክ፤ አስወጣታለሁ" አልኩት። እሺም እምቢም አላለኝ።

እሁድ

መጡ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ በደንቡ፣ አንቀመጥም ብለው ቆመው። ባለቤቴ ዘር ማንዘሩን ሲጠይቅ እኔ ምላሴን ነክሼ ዝም። ትልቁ ሽማግሌ ወደኔ ዞረው፣ "እመቤቴ፣ እኛ ልጅ ልንለምን እንጂ መጽሐፍ ልንሸጥ አልመጣንም" አሉ። ለካ ነግሯቸዋል። ባለቤቴ ሳይቀር ሳቀብኝ።

ደንቡ ሌላ ቀን ለመልስ መቅጠር ነው። እኔ ግን ልጁ ሐሳቡን ሳይለውጥ ብዬ እዚያው "ሰጥተናል" አልኩ። ባለቤቴ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሴት፣ ያውም በመጀመሪያው ቀን፣ ያውም ከአባት ቀድማ። ከጓዳ የአለምፀሐይ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ለቅሶ ይሁን ሳቅ አለየልኝም። እስካሁንም አልጠየቅኳት፤ ፈራሁ።

ሠርጉ ጥር ላይ ነው። የእስላም ምግቡን ዘይነባ ትይዘዋለች። ሰዓት እላፊ ስላለ በጊዜ ተበልቶ በጊዜ ይጨፈራል። ከጥምቀት ቀጥሎ ያለው እሁድ ነው፤ ዘመድም ጎረቤትም አንድ ሳይቀር ይምጣልኝ።